ማውዝ የማትነካው ውብነሽ

ውብነሽ ገብረሥላሴ ጠዋት ቢሮ ስትገባ ከሁሉ አስቀድማ የምታደርጋት አንዲት ነገር ነበረች። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ፣ ከመንገድ እስከ በር የተከተላትን የሰመራ ላብ ከግንባሯ ሳትጠርግ፣ ማውዙን በሁለት ጣቷ ብድግ ታደርገዋለች፤ እንደ ጢንዚዛ በጀርባው ትገለብጠዋለች፤ ከዚያ ከስክሪኑ ኋላ ትገፋዋለች። ከሆዱ የሚወጣው ቀይ መብራት ቀኑን ሙሉ ጣሪያው ላይ እንዳፈጠጠ ይውላል። እሷ ደግሞ አሥሩንም ጣቶቿን ቁልፎቹ ላይ አሳርፋ ሥራ ትጀምራለች።

ማውዝ ለውብነሽ ዕቃ አልነበረም፤ ስድብ ነበር። ሰውን ልትንቅ ስትፈልግ ሰነፍ ወይም ፈዛዛ አትልም። «ማውዘኛ ነው» ትላለች፤ ከዚያ በላይ የምትጨምረው የለም። በእሷ ዐይን የዓለም ሕዝብ ሁለት ወገን ነው፤ ቁልፍ የሚያውቅና ቀስት የሚያሳድድ። የምትሠራበት ቢሮ ደግሞ ከጥግ እስከ ጥግ ቀስት በሚያሳድዱ ሰዎች የተሞላ ነበር።

ከማውዘኞቹ ሁሉ የከፋው አለቃዋ ነው። የቡድን መሪው አቶ ኡራኤል አንዲት መስመር ለመቅዳት ሲነሳ፣ ቀስቱን ከስክሪኑ ጥግ ቀስቅሶ፣ ጥጃ እንደጠፋበት ሰው ወዲያና ወዲህ ሲባዝን ይቆይና ቃሉ ላይ ይደርሳል። ያልፈዋል። ይመለሳል። ቀለም ሲያለብሰው የመጨረሻዋን ፊደል ትቶ ነው። ቀጥሎ በቀኝ በኩል ጠቅ ያደርግና የተዘረጋለትን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች በከንፈሩ ያነባል፤ «ኮፒ» የምትለዋ ትናንት የነበረችበት ቦታ ዛሬም መኖሯን ሲያይ ፊቱ ይበራል። ርዕስ መሐል ለማድረግ ረጅሙን ቁልፍ በአውራ ጣቱ እየደበደበ ቃሉን እንደ በግ ወደ መሐል ይነዳዋል። ኢንተርኔት ላይ አንድ ነገር ሲፈልግማ ጎግልን ይከፍትና፣ ጎግል ውስጥ ገብቶ «ጎግል» ብሎ ይጽፋል።

«ውብነሽ፣ እስቲ ነይ፤ ይሄ ነገር ጠፋብኝ» ይላል በቀን አንዴ ሁለቴ።

«ምኑ?»

«ሪፖርቱ ነዋ! አሁን እዚሁ ነበር።»

ውብነሽ ወንበሩን ዞራ አትመጣም። በትከሻው ላይ እጇን አሻግራ አልት እና ታብን ትጫናለች። ሪፖርቱ ብቅ ይላል።

«ምን አድርገሽ ነው?»

«ምንም። ከኋላ ሆኖ ሲስቅብዎ ነበር።»

«አንቺ ደግሞ! ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ። እንቁላሉ እግር እስኪያወጣ ግን እኔ ጡረታ እወጣለሁ።»

ክፍሉ ይስቃል፤ ኡራኤልም ይስቃል፤ ምክንያቱም ሪፖርቱ ነገም እንደሚጠፋበት ያውቃል።

አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ አንድ አሠልጣኝ መጥቶ ሠራተኛውን በሆቴል አዳራሽ ሰብስቦ ስለ አቋራጭ ቁልፎች አስተማረ። ሠራተኛው እስከ ሻይ ሰዓት በትጋት አዳመጠ፤ ከሻይ በኋላ ግማሹ አልተመለሰም። በመጨረሻ አሠልጣኙ ከጀምበር መጥለቂያ ፎቶ ጋር «ሕይወት ኮንትሮል ዜድ የላትም» የሚል ጥቅስ አሳየ። ኮንትሮል ዜድ የሠሩትን መልሶ የሚያፈርስ ቁልፍ መሆኑን ያን ዕለት ጠዋት የተማሩት ሰዎች በጣም አጨበጨቡ። ውብነሽ አላጨበጨበችም። ሰውየው ያን ጥቅስ የገለጠው በማውዝ ነበር።

እሷ ራሷስ? እሷ ስትሠራ ማየት ለማውዘኛ ቅጣት ነበር። ኮንትሮል ሲ ብላ ትቀዳለች፤ ኮንትሮል ቪ ብላ ትለጥፋለች፤ ኮንትሮል ኤፍ ብላ ከወፍራም ሰነድ ውስጥ አንዲትን ስም እንደ ጥርስ ነቅላ ታወጣለች። ይህን ሁሉ የምትገዛው ግራ እጇ ናት። የግራዋ ትንሽ ጣት ኮንትሮል ላይ እንደ ዘበኛ ተተክላ ትውላለች፤ ሌሎቹ ጣቶች እየዘለሉ ይሠራሉ። ጣቷን አታይም፤ ባለጉዳዩንም አታይም። በሩ ላይ የሚቀመጠው ጥበቃ አብዱልሰመድ፣ የወሎ ልጅ ሆኖ ሎጊያ ያደገ፣ አፋርኛንም አማርኛንም እንደ ራሱ ጫማ የሚያውቅ ሰው፣ «እመቤት ኮንትሮል» የሚል ስም አውጥቶላታል። አልጠላችውም።

ይህን ሁሉ የተማረችው አዋሽ ሰባት ነው። አባቷ የባቡር ሠራተኛ ነበር። እሱ ሲሞት ከጣቢያው መንገድ ዳር አንዲት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ከፍታ፣ የሾፌሮችን ማመልከቻ እየጻፈች ታናሽ ወንድሟን ዋሲሁንን አሳደገች። ከሁለት ዓመት በፊት ዋሲሁን አንድ ጠዋት በከባድ መኪና ተሳፍሮ በጅቡቲ መንገድ ሄደ። ስልኩ ከዚያ ወዲህ አይጠራም። እሷም የሰመራውን ሥራ ስታገኝ ቤቱን ዘግታ የመጣችው ሹመት አምሯት አይደለም፤ ያ መንገድ በሰመራ ስለሚያልፍ ነው።

እናም በየጠዋቱ ማውዙን ከገለበጠች በኋላ፣ ኡራኤል የኮምፒውተሩን ማብሪያ ፈልጎ ሳያገኝ፣ የወንድሟን ስም ትፈልጋለች። እንደ ማውዘኛ አይደለም፤ ስሙንና የአባቱን ስም በትምህርተ ጥቅስ አስራ፣ በአማርኛም በላቲንም ፊደል፣ የማይፈለገውን በመቀነስ ምልክት አስወጥታ ነው። የሚመጡላት ግን ሌሎች ዋሲሁኖች ናቸው፤ አንዱ ጠበቃ፣ አንዱ በረኛ፣ አንዱ ከሞተ የቆየ። ኮንትሮል ደብልዩ። ገጹ ይዘጋል። ፊቷ ላይ ምንም አይታይም። ወንድም እንዳላት ከቢሮው ሰው የሚያውቅ አልነበረም።

አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ አንድ የአፋር ሽማግሌ በትሩን ትከሻው ላይ አጋድሞ ገባ። ገአስ ይባላል። ከአፋምቦ በኩል የመጣ ነው፤ ለቀበሌው የውኃ ፓምፕ ጉዳይ ለወረዳው የሚጻፍ አንድ ደብዳቤ ፈልጎ ነበር። ውብነሽ ዐይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ ትጽፍ ነበር። ሽማግሌው ቆሞ ጣቶቿን አየ፤ ፊቷን አየ፤ ጣቶቿን ደግሞ አየ።

«አንቺ፣ ሳታዪ ነው የምትጽፊው?»

«አዎ አባባ። ጉዳይዎ ምንድን ነው?»

ሽማግሌው ፈገግ አለና ወንበር ሳይጋበዝ ተቀመጠ። በትሩን ጉልበቱ ላይ አኖረ። «ሰላም ነሽ? ምን አየሽ? ምን ሰማሽ?»

ውብነሽ ይህን አጠያየቅ ታውቀዋለች። ዳጉ ነው፤ አፋር ሲገናኝ ወሬ የሚለዋወጥበት ሥርዓት። ቆመው አይሉትም። አንዱ ያየውንና የሰማውን ከመነሻው እስከ መድረሻው ይናገራል፤ ሌላው አያቋርጠውም፤ ከዚያ ተራው ይዞራል። ያላዩትን መጨመር ነውር ነው፤ የሰሙትን መደበቅም ነውር ነው። ሰመራ ተቀምጦ ይህን የማያውቅ የለም። ውብነሽ ግን ታውቅና ትንቀዋለች። «አንዲት ፍየል መጥፋቷን ለመናገር የሀገሩን ፍየል ሁሉ ስም ይጠራሉ» ትል ነበር።

«ምንም አልሰማሁም፤ ደህና ነን» አለችው። «ደብዳቤው ለማን ነው?»

«እኔ ሰምቻለሁ። እነግርሻለሁ» አለ ሽማግሌው። «ከአፋምቦ ወጣሁ። ሐይቁ ሸሽቷል፤ ሣሩ ግን ደህና ነው። አሳይታ አደርሁ። ከዚያ መኪና አገኘሁ። መንገድ ላይ አንድ ልጅ—»

«አባባ፣ የመንገዱን ሌላ ጊዜ ያጫውቱኛል። ኋላዎ ሰልፍ አለ። ደብዳቤው ለወረዳው ነው አይደል?»

ሽማግሌው አፉን ዘጋ። ኋላው ሰልፍ አልነበረም፤ ዞር ብሎ አየ፤ ማንም የለም። ከዚያ በኋላ የተናገረው አዎና አይደለም ብቻ ነው። ውብነሽ አንድ የቆየ ደብዳቤ ጠርታ፣ ስሙን ቀይራ፣ ቀኑን ቀይራ፣ ኮንትሮል ፒ ብላ አተመችለት። ወረቀቱ ገና ትኩስ ነበር ሽማግሌው ሲወጣ። እንዲህ ያለ አገልግሎት በሰመራ ምድር ተሰጥቶ አያውቅም ስትል በልቧ ኮራች።

ሥራ ሲያልቅ አብዱልሰመድ በሩ ላይ ጠበቃት።

«እመቤት ኮንትሮል፣ ያን ሽማግሌ ምን አደረግሽው?»

«ምን አደርገዋለሁ? ደብዳቤውን ሰጠሁት።»

«‹ጆሮ የላትም› አለኝ እኮ።»

«ጆሮማ አለኝ። ጊዜ ነው የሌለኝ።»

«ወላሂ እኔም እንዲያ ብዬ ተከራከርሁልሽ። ‹ሥራ በዝቶባት ነው› አልሁት። ቆይ እንጂ፣ አንቺ ወንድም አለሽ እንዴ?»

ውብነሽ ቆመች። ባጃጅ ሲያልፋት እጇን አላነሳችም።

«ምን አለህ?»

«መንገድ ላይ አንድ ልጅ አገኘሁ አለ። የአዋሽ ልጅ፤ ግራ እጁ በልጅነቱ የተቃጠለ። ‹እህቴ ሰመራ ቢሮ ገብታለች ብለው ሾፌሮች ነግረውኛል፤ ጣቷን ሳታይ ትጽፋለች› ይላል አሉ። ልጁ ሊሻገር ነው፤ የሚያሳፍረውን ሾፌር እየጠበቀ ነው ብሏል።»

«የት ነው ያለው?»

«እሱን አልሰማሁም።»

«እንዴት አትሰማም?»

«እዚያ ላይ ስንደርስ አቶ ኡራኤል ክላክስ አደረገ፤ በር ልከፍት ተነሳሁ። ስመለስ ሽማግሌው መኪና አግኝቶ ሎጊያ ወርዷል፤ ዘመዱ ሱቅ ነው የሚያድረው።»

«ገምት እንግዲህ! ሚሌ ነው? ዲቾቶ ነው? ጋላፊ ነው?»

«አልገምትም እህቴ። ያልሰማሁትን ብጨምር ነገ ማን ያምነኛል? ሾፌሩ ብቻ አይቅደምሽ፤ ሂጂና ከባለቤቱ ስሚው።»

ውብነሽ በሕይወቷ ከማንም በላይ የናቀችውን ሰው ፍለጋ በባጃጅ ሎጊያ ወረደች። መግሪብ ሳይደርስ አገኘችው። ገአስ ከዘመዱ ሱቅ በረንዳ ላይ በገመድ አልጋ ተቀምጦ የሚያልፉትን ከባድ መኪናዎች ይመለከታል። አላስገረመውም መምጣቷ።

«አባባ፣ ልጁ የት ነው ያለው?»

«ተቀመጪ።»

«እቀመጣለሁ። የከተማውን ስም ብቻ ይንገሩኝ።»

«ተቀመጪ።»

ተቀመጠች። ይህን ሽማግሌ ኮንትሮል ኤፍ ብለው አይከፍቱትም። ወደ መሐሉ የሚያስገባ ቁልፍ የለውም።

«ምን አየሽ? ምን ሰማሽ?» አለ ገአስ።

«ምንም።»

«ምንም የሚባል ወሬ የለም። ከጠዋት ጀምሮ ዐይንሽ ክፍት ነበር?»

«ነበር።»

«ታዲያ ምን አየሽበት?»

ውብነሽ አሰበች። «ጽሑፍ» አለች።

«ሰማዩስ? በሚሌ በኩል ደመና ነበር?»

«አላየሁም።»

«ሰመራ ማን ወለደ? ማን ታመመ?»

«አላውቅም።»

ሽማግሌው ጥርሱን በመፋቂያው እየፋቀ ቆየ። «አለቃሽ ዐይኑን ታሟል። ሞራ ነው የሚሉት። ለዚያ ነው ቀስ የሚለው። በር ላይ ያለው ሰው ነገረኝ። እኔ ከአፋምቦ መጥቼ ሰማሁ፤ አንቺ አጠገቡ ነሽ።»

ውብነሽ ደነገጠች፤ ግን ድንጋጤዋን እንኳ ንቀቷ ቀደመው። «ኮንትሮል ሲን ለመጫን ዐይን አያስፈልግም» ብላ በልቧ አለች። ይህን ስታስብ በራሷ አፈረች፤ ቢሆንም አሰበችው።

«የራስሽ ወሬስ የለሽም?» አለ ሽማግሌው። «ባዶ እጁን የመጣ ሰው ባዶ እጁን ይሄዳል።»

መኪናዎቹ ያልፋሉ። አቧራው ይነሳል፤ ይቀመጣል። ውብነሽ ለቢሮው ሁሉ የደበቀችውን ለአንድ የማታውቀው ሽማግሌ መናገር ጀመረች፤ መጀመሪያ በአጭሩ፣ ከዚያ እሱ ዝም ብሎ ሲጠብቃት በረጅሙ።

«ወንድም አለኝ። ዋሲሁን ይባላል። በልጅነቱ ዘይት ፈሶበት የግራ እጁ ጣቶች ተጣብቀዋል። አዋሽ ሳለን ሥራዬን ላስተምረው ፈለግሁ። አቋራጩ ሁሉ በግራ እጅ ነው። ልጁ አልሆነለትም። እሱ በቀኝ እጁ ማውዝ ይዞ ቀስ እያለ ይሠራ ነበር። ሾፌሮች ቆመው ይጠብቃሉ። አንድ ቀን ተናደድሁ። ‹ማውዝ የሰነፍ ምርኩዝ ነው› አልሁት፤ በሰው ፊት። ከእጁ ሥር ነጠቅሁትና በጀርባው ገለበጥሁት።»

«ማውዝ ምንድን ነው?» አለ ገአስ።

«በእጅ የሚገፋ ነገር ነው። ድንጋይ የሚያህል።»

«ድንጋይ ነጠቅሽው?»

«አዎ።»

«ለድንጋይ ብሎ ሄደ? ወይስ ለድንጋይ ብለሽ አባረርሽው?»

ሽማግሌው መልስ አልጠበቀም፤ ወሬዋን ተቀብሏልና ተራው የእሱ ነው። ከአፋምቦ ጀመረ። ሐይቁ መሸሹን፣ ሣሩ ደህና መሆኑን እንደገና ተናገረ። አሳይታ ያደረበትን ቤት፣ የቤቱን ጌታ ከነአያቱ፣ የሰጡትን ወተት ነገራት። ገደል የገባች አንዲት ግመል ነበረች፤ ባለቤቷን፣ የባለቤቷን አማች፣ ግመሏ ስንት ጊዜ እንደወለደች ነገራት። የውብነሽ ጣቶች ጉልበቷ ላይ የሌለ ቁልፍ ይጫኑ ነበር። አላቋረጠችውም። ሁለት ጊዜ አፏን ከፍታ ሁለቴም ዘጋችው።

ከግመሏ ቀጥሎ ዲቾቶ ደረሰ። የራሱ አማች ሞቶበት ለቅሶ ሄዶ ነው።

«ዲቾቶ ላይ ኡምሰልማ የምትባል የወሎ ሴት ሻይ ቤት አላት» አለ ገአስ። «በሩ ሰማያዊ ነው። ልጁ እዚያ ነው። ለሾፌሮች ዘፈን ይጭናል። ምግብ አይበላም፤ ሴትየዋ ትቆጣዋለች። ነገ ከጁምዓ በኋላ አንድ ሾፌር ይወስደዋል። ዋሲሁን ብለሽ ብትጠይቂ ግን የሚያውቀው የለም። እኔም ስሙን አሁን ካንቺ ነው የሰማሁት። እዚያ ‹አዋሽ› ነው የሚሉት።»

ሁለት ዓመት ሙሉ በትምህርተ ጥቅስ አስራ የፈለገችው ስም ማንም የማይጠራው ስም ነበር። ኢንተርኔት የሚያውቀው የተጻፈውን ነው፤ ዋሲሁንን ደግሞ ማንም አልጻፈውም። የከተማውን ስም ብቻ ይዛ ሮጣ ቢሆን ኖሮ፣ ዲቾቶን በር ለበር እያንኳኳች ጁምዓ ያልፍባት ነበር። ውብነሽ ተነስታ የሽማግሌውን እጅ ልትስም ጎንበስ አለች።

«ገና አልጨረስሁም» አለ ገአስ።

ተመልሳ ተቀመጠች።

በማግስቱ ከማንም ፈቃድ ሳትጠይቅ ቢሮዋ ደርሳ ወጣችና ከሎጊያ በሚኒባስ ዲቾቶ ገባች። ነፋሱ ከሜዳው የተነሳ አሸዋ በከተማው ላይ ይረጫል። መንገድ ዳር የቆሙት ከባድ መኪናዎች መጨረሻ የላቸውም። «የአዋሽ ዘፈን ቤት?» ብላ የጠየቀችው የመጀመሪያው ሰው በአገጩ ሰማያዊውን በር አሳያት።

ዋሲሁን ጀርባውን ሰጥቶ፣ ስክሪኑ በተሰነጠቀ ላፕቶፕ ላይ አቀርቅሯል። ከቁልፎቹ ሥር ያለው፣ ቀስቱ የሚገፋበት የመዳሰሻ ሰሌዳ በፕላስተር ታሽጓል፤ አይሠራም። ልጁ ቀኝ እጁን እንደ ሸረሪት ዘርግቶ፣ በአውራ ጣቱ ኮንትሮልን ተጭኖ፣ በሌባ ጣቱ ወደ ቪ ይንጠራራል። አንዳንዴ ይደርሳል። አንዳንዴ ሌላ ቁልፍ ይነካና ሁሉም ነገር ይጠፋበታል። አጠገቡ አንድ ወፍራም ሾፌር ፍላሹን ሰጥቶ ይጠብቃል።

«አዋሽ! ይሄን ዘፈን እስክትጭን ጅቡቲ ደርሼ እመለሳለሁ!»

«ተመለስና ውሰደው።»

«ምናለ እንደ ሰው ማውዝ ብትገዛ?»

«ማውዝ የሰነፍ ምርኩዝ ነው» አለ ዋሲሁን።

ውብነሽ በሩ ላይ ቆማ የራሷን ቃል በወንድሟ አፍ ሰማችው። የራሷን ድምፅ፣ የራሷን ንቀት፣ አንዲት ፊደል ሳትጎድል። ልጁ ስድቡን እንደ ትምህርት ወስዶ፣ በአንድ እጁ ሁለት ዓመት ሲለማመደው ኖሯል።

«አዋሽ» አለችው።

አልዞረም። እጁ ግን ቁልፎቹ ላይ ቀረ።

«ይሄን ስም ከማን ሰማሽ?»

«ከአንድ ሽማግሌ።»

«አንቺ? ከሽማግሌ? ቁጭ ብለሽ?»

«ቁጭ ብዬ።»

«እስከ መጨረሻው?»

«ከአፋምቦ ጀምሮ። ግመሏ ሳትቀር።»

ያን ጊዜ ዞረ። ሊስቅ ፈልጎ አፉ አልታዘዝለት አለ። «ግመሏን ለእኔም ነግሮኛል» አለ። «ምስኪን። ብዙ ወልዳለች።»

ኡምሰልማ፣ ቀጭን፣ ሻሿን ወደ ኋላ የወረወረች ሴት፣ የሻይ ብርጭቆ ይዛ ከጓዳ ወጣች። ውብነሽን ከእግር እስከ ራስ አየቻት።

«እህትየዋ ነሽ? በምላስሽ ስለት እናውቅሻለን። ይሄ ልጅ ሲያንቀላፋ እንኳ ‹ሰነፍ› እያለ ራሱን ይሳደባል።» ብርጭቆውን ፊቷ አኖረች። «አብሽሪ፣ ጠጪ። ምላስ ሻይ ሲነካው ይለዝባል።»

«ዛሬ ነው የምሄደው» አለ ዋሲሁን ቶሎ ብሎ። «ከጁምዓ በኋላ። እሱ ነው የሚወስደኝ።» ወፍራሙን ሾፌር አሳየ። ሾፌሩ እጁን ኪሱ ከቶ ጣሪያውን ተመለከተ።

«ተሻግረህ የት ልትደርስ?»

«ሰው ወደሚደርስበት። አንቺ የሌለሽበት።»

«እዚያስ ምን ትሠራለህ?»

«ምን አገባሽ? እዚያ ቢያንስ ማንም አያውቀኝም። በግራ እጅህ ምን ሠራህ የሚለኝ የለም።»

ውብነሽ ይቅርታ ማለትን አታውቅበትም። ሻይዋን ያዘች። ነፋሱ በሩን መታው። የመስጊዱ ጥሪ ተሰማ፤ ሾፌሮቹ እየተነሱ ወጡ፤ ኡምሰልማም ነጠላዋን አስተካክላ ገባች። ወንድምና እህት ከተሰነጠቀው ላፕቶፕ ጋር ብቻቸውን ቀሩ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ውብነሽ ስትናገር ትዘለዋለች። ሾፌሩ ከጁምዓ ተመልሶ ክላክስ አደረገ፤ ደግሞ አደረገ፤ ዋሲሁን ግን በመስኮት እጁን አወዛወዘለትና መኪናው ባዶ ወንበሩን ይዞ ወደ ጋላፊ ድንበር ሄደ ትላለች። በቃ።

ዋሲሁን አሁንም ዲቾቶ ነው። አዋሽ ልመልስህ ብትለው አልመለስም አላት፤ ሰመራ ና ብትለው ሳቀባት። የጁምዓ ዕለት ይደውላል። እነሆ ዘፈኑ ቶሎ ይጫናል፤ ሾፌሮቹ ለስድብ የሚሆን ጊዜ አያገኙም። ኡምሰልማ ምግብ መብላት ጀምሯል ብላለች፤ ሆኖም ከሚበላው የሚናገረው ይበዛል፤ በእህቱ ወጥቷል ነው የምትለው።

ውብነሽ ተለወጠች ብሎ የሚያወራ ሰው ካለ አብዱልሰመድን ይጠይቅ። እሱ ያልሰማውን አይጨምርም። ዛሬም ማውዘኛ ትላለች። ዛሬም የስብሰባ ቃለ ጉባኤ በአቶ ኡራኤል ፍጥነት ቢጻፍ ኖሮ ስብሰባው ገና አያልቅም ነበር ትላለች። የኡራኤልን ስክሪን ግን አንድ ቀን ሳይጠይቃት ሄዳ ፊደሉን አጉልታለታለች፤ ኮንትሮል እና የመደመር ምልክት፣ በቃ። «ምን አድርገሽ ነው?» ሲላት «ሪፖርቱ ራሱ ወደ እርስዎ ቀረበ» አለችው። ባለጉዳይ ሲመጣ ደግሞ ወንበር ትስባለች። ሽማግሌ ከሆነ ታዳምጣለች። ጣቶቿ ጠረጴዛው ላይ ይንቆራጠጣሉ፤ አፏ ግን ዝም ይላል።

ጠዋት ጠዋት ግን የምትገለብጠው ነገር የለም። የንብረት ክፍል ሰው ለዓመቱ ቆጠራ መጥቶ ጠረጴዛዋን አይቶ ነበር።

«ማውዙ የት ሄደ?»

«እኔ ማውዝ ስነካ አይታችሁኝ ታውቃላችሁ?» አለችው፣ ዐይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ።

ሰውየው አሰበ። በእርግጥም ማንም አይቷት አያውቅም። የተበላሸ ብሎ መዝግቦ አለፈ።

ሕይወቷን እንዳለ ጻፊው ብላኛለች፤ የሰደበቻቸውንም፣ የተሰደበችውንም፣ ኡራኤልንም፣ ግመሏንም። አንዲት ነገር ብቻ እንዳትጻፍ ለምናኛለች። ያን ዐርብ ጠዋት ቢሮ ገብታ ማውዙን እንደ ወትሮዋ በሁለት ጣቷ አነሳችው፤ ግን አልገለበጠችውም። ገመዱን ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ዲቾቶ ሻይ ቤቱ ባዶ በሆነ ሰዓት አወጣችው፤ ከላፕቶፑ ጋር አገናኘችው፤ በሆዱ አስተኝታ በወንድሟ ቀኝ እጅ ሥር አኖረችው፤ እጇንም በእጁ ላይ ጥቂት አቆየች። የመንግሥት ንብረት ነውና እሱን እንኳ ተይው ብላኛለች።